ከሰላት በፊት የመጣ ሥጋ

እቴ ሳቢራ ሰው አታምንም። ይህን የምለው ላማት ብዬ አይደለም፤ ከሚሴ ያለን ጎረቤቶቿ ሁሉ የምናውቀው፣ እሷም የማትደብቀው ነው። ባጃጅ ከመሳፈሯ በፊት ሾፌሩን «እስቲ ዞር በል፣ ዓይንህን ልየው። ስትቅም ነው ያደርከው?» ትለዋለች። ያደገችው ሰንበቴ ከተማ ነው። አባቷ የከብት ደላላ ስለነበሩ፣ የታመመ በሬ ለመሸጥ ሰው ምን ምን እንደሚምል በልጅነቷ ሰምታ ጠግባለች። አሁን የሴት ልብስ እየሰፋች ትኖራለች። ግቢያችን አንድ ነው፤ በሮቻችንም ፊት ለፊት ናቸው።

ያለፈው አረፋ ጠዋት ባለቤቴ ሲራጅ ለኢድ ሰላት ወጥቷል። እኔ ትንሿን ልጄን ሚስራን ይዤ ቀርቻለሁ፤ እቴ ሳቢራም ጉልበቷን ስላመማት አልሄደችም። ከሚሰገድበት ሜዳ «አላሁ አክበር» የሚለው ተክቢራ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። በዚህ መሃል የሲራጅ ታላቅ ወንድም ከማል ከጨፋ በባጃጅ መጣ። በእጁ ከባድ ፌስታል ይዟል።

«አከም ቡልታኒ! ኢድ ሙባረክ! ይኸው ሥጋ፤ ጉበቱን ለሚስራ ብዬ ለይቼዋለሁ።»

ደስ አለኝ። ሰሃን ላመጣ ስነሳ እቴ ሳቢራ ከበሯ ላይ ሆና ጠራችው።

«ከማል፣ ሰላት የት ሰገድክ?»

«ገና ነው። አሁን ወደዚያው ነኝ።»

«ታዲያ ይሄ መቼ ታረደ?»

ከማል ሳቀ። «እቴ ሳቢራ ደግሞ! ዛሬ እንኳ ተዪን።»

እኔም አፈርኩ። የበዓል ሥጋ ይዞ የመጣ ሰው እንዲህ ይመረመራል? እሷ ግን እያነከሰች መጥታ ፌስታሉን ከውጭ ዳሰሰችው።

«ቀዝቅዟል። ኢማሙ ገና አላሰገደም፤ የአረፋ እርድ የሚታረደው ከሰላት በኋላ መሆኑን የማያውቅ ሰው እናንተ ቤት የለም። ምን አስቸኮላችሁ?»

ያን ጊዜ ሚስራ ፌስታሉን ልትነካ እጇን ስትዘረጋ ሳብኳት።

«ከማል፣ ንገረን እንጂ» አልኩት።

ወዲያ ወዲህ አየ። «ለአረፋ ያዘጋጀነው ወይፈን ነው። ትናንት ማታ ድንገት ወደቀ። ሳይሞት ደረስንበት፤ ቢስሚላህ ብለን አረድነው። ሐላል ነው!»

«ሐላልነቱን ማን ጠየቀህ?» አለችው እቴ ሳቢራ። «በምን ወደቀ ነው የምልህ። ደሙስ ረጋ?»

«እንጃ፤ ደሙ ግን አልረጋም» አለ ከማል።

«ከዚህ በፊትስ የሞተባችሁ አለ?»

«አንድ ፍየል... ባለፈው ሳምንት። ቆዳዋን ገፈፍኩ እንጂ አልበላናትም።»

«እጅህን አምጣ።»

«ኧረ በአላህ!»

«አምጣ አልኩህ!»

እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ ላይ መሃሉ የጠቆረ፣ ዙሪያው ያበጠ ቁስል አለ። «አያመኝም እኮ» አለ፤ እንደ ማምለጫ።

«ያ ነው የሚያስፈራው። የአባ ሰንጋ ቁስል አያምም» አለች። አባ ሰንጋ የሚባለውን የከብት በሽታ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ወደ ሰውም እንደሚተላለፍ አውቃለሁ። ግን በዘመድ እጅ፣ በኢድ ቀን፣ በፌስታል ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ለማን ለማን ሰጠህ?» አልኩት።

«ለእህታችን ለፋጡሜ ብቻ። መንገዴ ላይ ስለሆነች።»

«ደውልላት።»

ስልኩን አወጣና ቆመ። «የሰጠሁትን መልሺ ልበላት? በአረፋ? ነገ በየት በኩል ነው ቤቷ የምገባው?» ላብ አጠመቀው። እቴ ሳቢራ ስልኩን ነጠቀችው።

«ፋጡሜ፣ ኢድ ሙባረክ። ሳቢራ ነኝ። ድስቱን አውርጂ... ምን አገባሽ አልሽኝ? እሺ፣ አያገባኝም። አውርጂውና ተሳደቢ። ልጆቹ እንዳይነኩት። አንቺ ጤና ጣቢያ ነይ፤ ከማል ታሟል።»

ፌስታሉ ባለበት እንዲቀመጥ፣ ማንም እንዳይነካው ለሲራጅ ደውዬ ተናገርኩ። የከብት ሐኪም ጠርቶ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀበረው በኋላ ነው። እኛ እጃችንን በሳሙና ታጥበን፣ ሚስራን አዝዬ፣ ከማልን መሃል አስቀምጠን በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄድን። ተረኛው ሐኪም ቁስሉን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። ወዲያው መድኃኒት አስጀመረው፤ ቤት ያሉት ያረዱትና የገፈፉትም ሁሉ ይምጡ አለ። ከማል ይደውልላቸው ጀመር፤ አሁን አላፈረም።

ፋጡሜ ተናድዳ ደረሰች። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለች።

«አዋረዳችሁኝ! ድስቱን ከድኜው መጣሁ። ልጆቼ ገና አልቀመሱም፤ ደስ ይበላችሁ!»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

እቴ ሳቢራ ግን ዓይኗን ከፋጡሜ ላይ አላነሳችም። «ልጆቹ አልቀመሱም። አንቺስ? ጨውን ማን ቀመሰው?»

ፋጡሜ እጇን ቀስ ብላ ወደ ከንፈሯ ወሰደች።

ሐኪሙ ሌላ ወንበር ሳበና ከከማል አጠገብ አስቀመጣት።