ትል የቀመሰው ሰላጣ

ዛሬ ጠዋት ጎንደር፣ ከጓሮዬ ሰላጣ ስቀነጥስ ልጄ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"እማዬ፣ ይኼ እኮ የተበሳሳ ነው! ከገበያ ደህናውን እንግዛ" አለችኝ።

የተቀነጠሰው ግንድ ወተቱን ሲያነባ፣ ያ መራራ ሽታ እንፍራንዝ አባቴ ቤት መለሰኝ።

አባቴና አያ ደሴ የታረቁ ዕለት ነው። በእርሻ ወሰን ተጣልተው እስከ መተኳኮስ ደርሰው ነበር። ሽማግሌዎች አስታረቋቸውና አያ ደሴ ቤታችን እንጀራ ሊቆርስ ተቀመጠ። ጾም ስለነበር እናቴ ሽሮና የጓሮዋን ሰላጣ አቀረበች። ከድንጋጤዋ የተነሣ ግን ቀድማ መቅመሱን ረሳች። በእኛ አገር ለታረቀ ባላንጣ ሳይቀምሱ ማቅረብ "መርዝ አለበት" እንደ ማለት ነው።

የአያ ደሴ እጅ ማዕዱ ላይ ቀረ። የአባቴ ፊት ጠቆረ። እናቴ "ልቅመስልህ" ብትል ደግሞ ይብስ ነበር፤ የተነቃባት ይመስላል።

አያ ደሴ አንድ ቅጠል አነሣና ወደ በሩ ብርሃን ያዘው። በቅጠሉ ቀዳዳ ዓይኑን አየሁት።

"ምነው ደነገጥሽ፣ እቴ?" አላት ቀስ ብሎ። "ትሉ ቀምሶልኝ የለ!"

ጎረሰው። አባቴ ለምን እንዳለቀሰ ያኔ አልገባኝም።

የገበያውን ሰላጣስ ማን ቀመሰልን? ትል እንኳ መድኃኒቱን ፈርቶ የተወውን!

የተበሳሳውን ቅጠል አጥቤ ለልጄ አቀበልኋት።

"ብዪ፣ ተቀምሷል" አልኋት።