ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ሰውዬ

እኅተማርያም ኬሚስትሪ ልታስተምር ጎባ ከመጣች ወዲህ እንደ እኚህ ሰውዬ ግራ ያጋባት የለም። ፈረሳቸውን ከትምህርት ቤቱ አጥር ያስሩና፣ የጫማቸውን ጭቃ በሩ ላይ ጠርገው፣ ቡልኳቸውን እንደተከናነቡ ከኋላ ወንበር ጥግ ላይ ይቀመጣሉ። ዳይሬክተሩ «ፈቅጄላቸው ነው፤ ተያቸው» ከማለት ሌላ የነገራት ነገር የለም። ሰውዬው አይጽፉም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

የዛሬው ትምህርት ስለ በፈር፣ አሲድ ሲጨመርበት ፒኤቹ ቶሎ ስለማይለወጥ ድብልቅ፣ ነበር። ንጹሕ ውሃ ላይ አሲድ ጠብ ስታደርግ የፒኤች ወረቀቱ ወዲያው ቀላ። ደካማ አሲድና የራሱን ጨው በቀላቀለችበት ብርጭቆ ላይ ያንኑ ያህል ስትጨምር ግን የወረቀቱ ቀለም አልተለወጠም።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ሰውዬው ቀሩ።

«መምህርት፣ አሲዱ የት ገባ?»

«ጨዉ ያዘው፣ አባባ። ብዙ ከተጨመረ ግን ፒኤቹ ይወርዳል። ስንት እንደሚደርስ በስሌት እናገኘዋለን።»

«እሱ ስሌት ነው የጠፋብኝ። ሎጋሪዝም የሚሉትማ ጭራሽ አልገባኝም።»

«ታዲያ ለምን ይደክማሉ? ልጅ ካለዎት እሱን አይልኩትም?»

ሰውዬው ወደ በሩ ገልመጥ አሉ።

«መምጣት አይችልም፤ ከታየ ይይዙታል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ትምህርቱ እንዳያመልጠው ካለበት ሄጄ የምነግረው እኔ ነኝ።»

እኅተማርያም ጠመኔ አንስታ ወደ ሰሌዳው ዞረች።

«ቶሌ፣ እሺ» አሉ ሰውዬው፣ ወደ ፊተኛው ወንበር እየመጡ። «ቀስ ብለው ይድገሙልኝ፤ አሳስቼ እንዳልነግረው።»