የሣር አጫጁ ደብተር

ባለፈው ሳምንት ስቶክሆልም ውስጥ ሰፈሬ ፊቲያ ካለው ሱቅ የመጣልኝን ፖስታ ተቀብዬ ቤት እስክገባ እንኳ አላስቻለኝም፤ ደረጃው ላይ ቆሜ ቀደድኩት። የአዲስ መጽሐፍ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ከሥሩ የእርጥብ ድንጋይ ሽታም ነበረበት፤ ይሄኛው ግን ከመጽሐፉ ሳይሆን ከራሴ እንደመጣ አውቃለሁ። ሽፋኑ ላይ ያደግኩባት የእንግሊዝ ገጠር መንደር ጠባብ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ በላይ የአባቴ ስም፣ ተሾመ በላቸው፣ በትልቁ ተጽፏል። ይህ ስም እዚያ እንዲቀመጥ አንድ ሽማግሌ አዋርጃለሁ።

አባዬ ደሴ ከተማ የታሪክ አስተማሪ ነበር። ተሰደን እዚያች መንደር ስንደርስ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ለእሱ የተገኘለት ሥራ የቤተ ክርስቲያኑን መቃብር ሣር ማጨድ ነበር። መንደሯን ከዳር እስከ ዳር በእግር ለማቋረጥ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ አጭር ወፍራም ግንብ ያለው ቤተ ክርስቲያን፣ መንኮራኩሩ የቆመ የውሃ ወፍጮ፣ ዳክዬዎች የሚገዙት ኩሬ፣ ዕድሜውን ማንም የማያውቀው ጥድ፣ በቃ። አባዬ በእረፍቱ ሰዓት የመቃብር ድንጋዮቹን ሽበት በጥርስ ብሩሽ እየፋቀ የሟቾቹን ስም ይገለብጣል፤ ከዚያ ቤት ለቤት እየዞረ አሮጊቶቹን ስለ እነሱ ይጠይቃል። አሮጊቶቹም የሚያዳምጣቸው ሰው በማግኘታቸው ተደስተው በወተት የነጣ ሻይ ያቀርቡለታል፤ እሱ ደግሞ ያንን ሻይ ስለማይወድ ዞር ሲሉ አበባ ማሰሮው ውስጥ ይደፋው ነበር፤ አንዷማ አበባዬ ዘንድሮ ምን ነክቶት እንዲህ ፋፋ እያለች ትገረም ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ የቀድሞውን ድልድይ የወሰደው ጎርፍ፣ ወፍጮው የቆመበት ምክንያት፣ ወረርሽኝ ባዶ ያደረገው ቤት ሁሉ በአንድ ወፍራም ደብተር ተጻፈ፤ ከእያንዳንዱ ታሪክ ሥር ተራኪዋ ቀን ጽፋ ፈርማለች።

እንግሊዝኛውን ላርምልህ ብሎ ደብተሩን የወሰደው የእኔ አስተማሪ፣ የጓደኛዬ የጄን አባት፣ ሚስተር ሃርዊክ ነበር። በአማርኛ ሳስበው አንቱታ ነስቼዋለሁ። የብርዱን ወራት ሁሉ አቆይቶ መለሰው፤ ብርዱ ሲያልፍ በቤተ ክርስቲያኑ ባዛር ላይ በራሱ ስም መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ምስጋናው መጨረሻ ላይ፣ የመቃብሩ ሣር አጫጅም ተባብሮኛል ይላል። አባዬ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ አነበበው፣ በቦታው መለሰው፣ እጄን ይዞ ወደ ቤት ወሰደኝ። በማግሥቱም ሣሩን አጨደ። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ ለመጻፍ ካልሆነ ብዕር ሲያነሳ አላየሁም። እኔ ግን በየቀኑ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ከሚስተር ሃርዊክ አፍ አንዲት ቃል ሳታመልጠኝ ተማርኩ፤ ያን ያህል ትጉ ያደረገኝ ቂም ነበር።

አግብቼ ስቶክሆልም መጣሁ፤ ጡረታ እስክወጣም ፍሌሚንግስቤሪ ባለው ሆስፒታል በነርስነት ሠራሁ። አባዬ እዚያው መንደር ሲያርፍ ደብተሩን ከሻንጣው ሥር አገኘሁት። አምና የመንደሩ ኮሚቴ ጻፈልኝ፤ የሚስተር ሃርዊክ መጽሐፍ እንደገና ሊታተም ስለሆነ፣ እሳቸውንም በሕይወት ሳሉ ልናከብራቸው ስላሰብን የልጅነት ትዝታሽን ላኪልን አሉኝ። የደብተሩን እያንዳንዱን ገጽ ከነቀኑ፣ ከነፊርማው ፎቶ አንስቼ፣ ከረጅም ደብዳቤ ጋር ላክሁላቸው።

ጄን ደወለች። አልቅሳ ሲወጣላት አባቷ ዘጠና ዓመት እንደሞላው፣ ዓይኑም እንደጠፋ ነግራኝ፣ እስኪሞት ብቻ እንድታገሥ ለመነችኝ።

"እንግሊዝኛ ያስተማረሽ እኮ እሱ ነው" አለች።

"አዎ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩትም በእሱ እንግሊዝኛ ነው" አልኳት።

ኮሚቴው የሚስተር ሃርዊክን ስም ከሽፋኑ አንስቶ የአባዬን ተካበት፤ የታሰበው በዓልም ቀረ። ጄን ይህን ስትነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ አሉ፤ በሦስተኛው ሳምንት አረፈ። ልጄ ይህን ሁሉ በአማርኛ ሰምቶ ሲያበቃ፣ ታዲያ አሁን ቀለለሽ ወይ ብሎ በስዊድንኛ ጠየቀኝ። ቀለለኝ አልኩት፤ እውነቴን ነው።

ትናንት ግን ስለ ወፍጮው የሚናገረውን ገጽ ሳነብ አባዬ ያልጻፈው አንድ ነገር ታወሰኝ። እኔና ጄን ጫማችንን አውልቀን እግራችንን ውሃው ውስጥ እየነከርን የምንቀመጥበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር፤ ሁለታችን ብቻ የምናውቀው ስም አውጥተንለት ነበር። ስሙ ጠፋኝ። ከእኔ ሌላ የሚያውቀው ጄን ብቻ ናት፤ ሁለት ጊዜ ደወልኩላት፣ አላነሳችም።