በሶ የበላ ራዲያተር

ዛሬ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። አንድ ረጋ ያለ የሽማግሌ ድምፅ ሰላምታውን ካዳረሰ በኋላ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከክብረ መንግሥት ተነሥተው ወደ እኛ ወደ ነገሌ ሲመጡ መኪናቸው ሙቀት አብዝቶ መንገድ ዳር ቆመዋል፤ ለምሳ አይደርሱም። የሚመጡት ልጄን ሀያትን ለጋብቻ ሊጠይቁ ነው። "መኪናውን የሚነዳው ማነው?" አልኳቸው። "አንድ... ሹፌር ነው" አሉኝ።

ይህን ለባለቤቴ ስነግራት፣ ዘይነባ የያዘችውን ትሪ አስቀመጠች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ከዚያ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሀያት ደንግጣ ከጓዳ ብቅ አለች። "ምነው? ቀሩ እንዴ?" ብትል እናቷ እየሳቀች በእጇ ወደ እኔ ጠቆመች። እኔም ወደ በረንዳው ወጥቼ ተቀመጥኩ። ዘንድሮ ዝናቡ በጊዜው ስለገባ የግቢያችን ዛፎች ለምልመዋል፤ ከአጥሩ ውጭ ባጃጆች እየተንጫጩ ያልፋሉ። ሽማግሌ እየጠበቁ መቀመጥ ረጅም ሥራ ነው። እስኪደርሱ ድረስ የዘይነባን ሳቅ ምክንያት ልጻፈው።

ዘመኑ የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። እኔ ገና ጎረምሳ ነበርኩ፤ በጋሽ የሱፍ ሱቅ እሠራለሁ። ጋሽ የሱፍ የአባቴ አገር ሰው ናቸው። ሁለቱም በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር ወጥተው፣ ነገሌ ከትመው፣ ጎን ለጎን ሱቅ የከፈቱ ናቸው። አባቴ ሲሞት ትከሻዬን ያዝ አድርገው "ከዛሬ ጀምሮ የኔ ልጅ ነህ" አሉኝ፤ በቃላቸውም ጸኑ። አንድ አሮጌ ነጭ ፒክአፕ ነበረቻቸው። ስኳርና ሳሙና ጭነን ወደ ቆላ ከተሞች እንወርዳለን፤ ቦሎቄ ጭነን እንመለሳለን። መንዳትም ያስተማሩኝ በዚህችው መኪና ነው።

ደግ ሰው ነበሩ። ግን ነፍሳቸው መካኒክ አትወድም። "መካኒክ መፍታት እንጂ መግጠም አያውቅም" ይሉ ነበር። የመኪናዋን በሽታ ሁሉ የሚያክሙት በራሳቸው መድኃኒት ነው። የላላውን በገመድ ያስራሉ፣ የተሰነጠቀውን በሳሙና ይደፍናሉ፣ ከዚያ ኮፈኑን ዘግተው "አልሐምዱሊላህ" ይላሉ። መኪናዋም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትታዘዛቸው ነበር።

ዘይነባን ያወቅኳት እዚያው ሱቅ ነው። አባቷ ሐጂ ከድር ከያቤሎ ማዶ ተልተሌ ውስጥ ሱቅና ወፍጮ ቤት አላቸው፤ እሷን ግን ነገሌ አክስቷ ዘንድ አስቀምጠው ያስተምሯት ነበር። እስክሪብቶ ልትገዛ ትመጣለች። አንድ ተማሪ ይህን ሁሉ እስክሪብቶ ሊጨርስ እንደማይችል ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ትምህርቷን ጨርሳ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ ነገራችን ሽማግሌ የሚያስልክ ሆኖ ነበር።

ሐጂ ከድር ቀን ቆርጠው፣ በአንድ የጭነት መኪና ሹፌር በኩል ላኩብን። እሑድ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ከዚህ ካለፈ ግን ሰኞ ከሞያሌ የሚመጡ ሌሎች ሽማግሌዎች አሉ። "ቀን የማያከብር ልጄንም አያከብርም" ማለታቸውን ሹፌሩ ሳይቀንስ ነገረን።

በደንቡ ጠያቂው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን እየበላ ይጠብቃል። ዓርብ ማታ ግን ሊወስዳቸው የነበረውን ሹፌር ወባ ጣለው። ጋሽ የሱፍ ዓይናቸው ደክሟል። ከእሳቸው ጋር የሚሄዱት ሁለተኛው ሽማግሌ ኦቦ ጃርሶ የታወቁ የቦረና ከብት ነጋዴ ናቸው፤ ከብት እንጂ መኪና ነድተው አያውቁም። ጋሽ የሱፍ ትንሽ አሰቡና "አንተ ትነዳለህ" አሉኝ። "ሐጂ መልክህን አያውቁትም። እዚያ ስንደርስ ሹፌር ነህ። አፍህን ያዝ፣ ከመኪናዋ አትራቅ።"

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሣን። የበጋው መጨረሻ ነበር፤ አፈሩ ቀይ፣ ሣሩ ያለቀ፣ ከብቱ አጥንቱ የወጣ። የዳዋን ወንዝ ተሻግረን አቀበቱን ስንወጣ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው ቀስት ከፍ አለ፤ ሜዳው ላይ ስንወጣ ግን ተመልሶ ወረደ። "አቀበት ነው፣ ምን ታድርግ" አሉ ጋሽ የሱፍ። ያቤሎ አደርን። እሑድ ጠዋት ጋሽ የሱፍ ከማይለያቸው ከረጢት በሶ አውጥተው በማር ጨብጠው አቀረቡልን። የመንገድ ስንቃቸው ሁልጊዜ ይኸው ነው። "በሶ የማይደፍነው ቀዳዳ የለም" እያሉ ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ። ነገሩን ያኔ አላጤንኩትም።

ከያቤሎ ወጥተን ወደ ተልተሌ ቆላ ስንወርድ ቀስቱ እንደገና ተነሣ፤ አሁን ግን የሚወርድ አልሆነም። ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ሲወጣ አንድ ግራር ሥር አቆምኩ። እጄ ወዲያው ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሄደ፤ ጋሽ የሱፍ ያዝ አደረጉት። "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" አሉ። "ፊትህን ልትቀቅል ነው? ያውም ዛሬ?"

እስኪበርድ ቆምን። ከዚያ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ክዳኑን ከፈትኩ፤ ውሃው አልጎደለም። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጊያ ጠበቅ ያለ ነው። ሞተሩን አስነሥቼ ትንሽ ቆየሁና ቱቦዎቹን በእጄ ነካሁ። ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚገባው የላይኛው ያቃጥላል፤ ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚመለሰው የታችኛው ግን ቀዝቃዛ ነው። ውሃው ይገባል እንጂ አይወጣም ማለት ነው። መሐል ላይ የሚዘጋው ነገር አለ። ጎንበስ ብዬ የታችኛውን ቱቦ በካቻቢቴ አላላሁና ነቀልኩት። ውሃው ቶሎ አልፈሰሰም። መጀመሪያ ተዝለግልጎ የወጣው ነጣ ያለ፣ የሚያዳልጥ፣ እንደ ቀጭን ገንፎ ያለ ነገር ነው። ሽታው ደግሞ የጠዋቱ ቁርሳችን ነው።

ቀና ስል ጋሽ የሱፍ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ምንም የሌለበትን ሜዳ እያዩ ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። ጆሯቸው ቀልቷል። ያኔ ገባኝ። በፊት ራዲያተሩ ያንጠባጥብ ነበር፤ እሳቸው ለማንም ሳይናገሩ በሶ ጨምረውበታል። ቀዳዳውስ በእርግጥ ተደፍኗል። ግን ሌላውም ሁሉ ተደፍኗል።

ብናገር ምን አገኛለሁ? ጥቂት ሰዓት ቆይቶ እኚህ ሰው በሐጂ ከድር ፊት ቆመው ስለ እኔ ሊናገሩ ነው። ያፈረ ሽማግሌ ደግሞ አፉ አይፈታም። ይህ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በቀላው ጆሯቸው ላይ ሌላ ኀፍረት ልጨምር አልፈለግሁም።

"ጭቃ ነው" አልኩ ጮክ ብዬ። "የኩሬ ውሃ ስንጨምርባት ከርመን ነው።"

ኦቦ ጃርሶ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። አዩኝ። ጋሽ የሱፍንም አዩ። "ኤዬ፣ አዎን" አሉ፣ "ጥሩ የሚሸት ጭቃ ነው።"

ቱቦውን መልሼ ገጥሜ፣ በጀሪካን የነበረንን ውሃ ጨምረን፣ እየቆምን እያበረድን፣ እስከ ቅርቡ ኤላ ተጓዝን። ኤላ የቦረና ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ። ተራ የሚያስከብሩት ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ኦቦ ጃርሶ "ናጋ?" ብለው ገቡ፤ ረጅሙ ሰላምታ ሄደ፣ መጣ። ከዚያ ውሃ ጠየቁ። ሽማግሌው ለሦስታችን ወዲያው አስጠጡን። ስለ መኪናዋ ሲነገራቸው ግን ዞረዋት፣ እያጨሰች አዩዋትና የሆነ ነገር ተናገሩ።

"ምን አሉ?" አልኳቸው።

ኦቦ ጃርሶ ሳቃቸውን እየታገሉ ተረጎሙልኝ። "ሰው ከሆነ ቢሻን፣ ውሃውን፣ አሁን ይጠጣል። ከብት ከሆነ ተራውን ይጠብቃል። ይቺ ሰው አይደለችም አሉ።"

"ኦቦ ጃርሶ፣ ይለምኗቸው እንጂ! ፀሐይዋን አያዩዋትም?"

"ላኪ፣ አይሆንም! ተራ አይለመንም፣ ልጄ። ዛሬ ለአንተ ቢያፈርሱት ነገ የማን ከብት ይሞታል?"

እናም መኪናችን ከአንድ መንጋ ኋላ ተሰለፈች። ላሞቹ በዝግታ ይጠጣሉ፤ ቀና ብለው ያስባሉ፤ እንደገና ይጠጣሉ። እኔ ፀሐይዋን አያለሁ። በሕይወቴ ላም የጠላሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ተራችን ሲደርስ ግን ሽማግሌው ለአንድ ትልቅ በሬ የሚበቃ ውሃ ፈቀዱልን። በከፊሉ ራዲያተሩን አጠብኩ፤ በሶው እየተቆራረሰ ወጣ፤ በቀረው ሞላሁት።

ሙሉ በሙሉ አልጸዳም ነበርና ቀስቱ እንደገና መውጣት ሲጀምር የመጨረሻውን ዘዴ ተጠቀምኩ። የመኪናዋን የውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ የሞተሩን ሙቀት ወደ እኛ ይስበዋል። በዚያ ቆላ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ነጫቸውን ለብሰው፣ እሳት የሚተፋ ማሞቂያ ጉልበታቸው ላይ እየነፋ ተቀመጡ። ላባቸው ከጢማቸው ይንጠባጠባል። አንዳቸውም አላጉረመረሙም። ጋሽ የሱፍ አንዴ ብቻ "ዘይነባ ይህን ያህል ቆንጆ ናት ግን?" አሉኝ። "በጣም" አልኳቸው። "ቆንጆ ብትሆን ይሻላታል" አሉና ፊታቸውን ጠረጉ።

ተልተሌ ስንገባ ፀሐይዋ ኮረብታው አናት ላይ ነበረች። ሐጂ ከድር በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቅንድባቸው የወፍጮ ዱቄት የማይለየው ሰው ነበሩ። እንግዶቻቸውን ተቀብለው መታጠቢያ ውሃ አዘዙና እነሱን ወደ ውስጥ ላኩ፤ እሳቸው ግን ወደሚያጨሰው ኮፈን መጡ። የወፍጮ ሞተር ያለው ሰው የታመመ ሞተር አይቶ ማለፍ አይችልም።

"ክፈተው" አሉኝ። ከፈትኩ። ከታችኛው ቱቦ አፍ በጣታቸው ጠረግ አደረጉ፣ አሸተቱ፣ በጣቶቻቸው መሐል አሹት።

"ገብስ ነው" አሉ። "ተቆልቶ የተፈጨ። በሶ! ማነው ይህን ያደረገው?"

ጋሽ የሱፍ ደጃፉ ላይ፣ አንድ እግራቸው ገብቶ አንዱ ውጭ ቀርቶ፣ ቆመው ነበር።

"እኔ ነኝ፣ ሐጂ" አልኩ። "ቀዳዳ ልደፍን ብዬ።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ለአንተ መኪና የሰጠ ሰው የዋህ ነው። ለሆድ የተፈጠረ ምግብ ለብረት ትሰጣለህ? አህያ እንኳ በአደራ አይሰጥህም!" በል እጠበው አሉና፣ ውሃውን ከታች ወደ ላይ እንድገፋው አሳይተውኝ፣ ሙቅ ውሃ እንዲመጣ አዘው ገቡ። ማንቆርቆሪያውን ይዛ የመጣችው ዘይነባ ናት። ስታየኝ ልትጥለው ምንም አልቀራት።

"አብደሃል? አንተ ምን ልትሠራ መጣህ?" አለች በሹክሹክታ።

"ሹፌር ነኝ" አልኳት። "አባትሽ አህያ እንኳ አይሰጥም ብለውኛል።"

ከንፈሯን ነክሳ ሮጠች። እኔ ሙቁን ውሃ ከታች እየገፋሁ፣ ከላይ የሚወጣውን እየጠረግኩ፣ ከተከፈተው መስኮት የሚመጣውን እሰማለሁ። ሐጂ "አረፍ በሉ" አሉ። ጋሽ የሱፍ፣ ደንቡ ነውና፣ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። ልጅዎን ለልጃችን አሉ። ከዚያ የሐጂ ድምፅ፦ "ልጃችሁ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ለዚህ ጥያቄ ጋሽ የሱፍ ሳምንቱን ሙሉ ንግግር ሲያጠኑ ነበር። ከሱቁ ጓዳ ሲለማመዱ ሰምቻቸዋለሁ። አሁን ግን ሙስበሃቸው ሲቆጠር ብቻ ይሰማኛል። አለቀልን አልኩ።

"ሐጂ" አሉ በመጨረሻ፣ "በሶውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ያውቃል። እንዳላፍር ጭቃ ነው አለ፤ እርስዎ ሲጠይቁም በራሱ ላይ አደረገው። የምንጠይቅለት ከማል ማለት ያ ውጭ የተቀመጠው ነው። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እንግዲህ እርስዎ ይፍረዱ። እኔ ሌላ የምለው የለኝም።"

ሐጂ ከድር ወጡ። አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

"ለምን ዝም አልክ?"

"ዛሬ የሚናገሩልኝ እሳቸው ናቸው፣ ሐጂ። አሳፍሬያቸው እንዴት ይናገሩልኛል?" አልኩ። ቀጥዬም፣ ሳላስበው፣ "አባቴም ናቸው" አልኩ።

"አስነሣው" አሉኝ። አስነሣሁ። በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው ቀስቱን ማየት ጀመሩ። ተነሣ፣ ወጣ፣ መሐል ላይ ደረሰና ቆመ። ቆየን። አልነቃነቅም አለ። ሐጂም የታችኛውን ቱቦ ነክተው፣ መሞቁን አረጋግጠው፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

"አጥፋውና ግባ" አሉ። "በኔ ቤት ሹፌር ውጭ አይበላም።"

ደንቡ ነውና "እሺ" የሚለው ቃል የተነገረው ሽማግሌዎቹ እንደገና ተመልሰው ሲመጡ ነው። የሞያሌዎቹም ሰኞ መጥተው ጥሩ ምሳ በልተው ሄደዋል። እኔ ግን መልሴን የሰማሁት ያኔ፣ እጄ ገና በበሶ እንደተለወሰ ነው።

ጋሽ የሱፍ ከሞቱ ቆይተዋል። እስከ መጨረሻው ድረስ መካኒክ አላመኑም። ዛሬ ራዲያተር የሚሞላው አረንጓዴ ፈሳሽ በየሱቁ ይሸጣል፤ እኔም እሸጣለሁ፤ ጠርሙሱን ባነሣሁ ቁጥር ያ የቀላ ጆሯቸው ፊቴ ላይ ይመጣል። ይናፍቁኛል። ልጄን ለሚጠይቁ ሰዎች ብዬ ብዙ ጥያቄ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ልጁ ሥራ፣ ስለ ትምህርቱ፣ የት እንደሚኖሩ። አሁን ሳስበው ማወቅ የምፈልገው መኪናቸው ሲቆም ልጁ ማንን እንደተቆጣ ብቻ ነው።

ከበሩ ውጭ መኪና ቆመ። የሚንተከተክ ውሃ ድምፅ ይሰማኛል። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ሁለት ሽማግሌዎች ነጫቸውን እያራገፉ ይወርዳሉ፤ መሪውን የያዘው ልጅ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ ከመኪናው ላለመራቅ ኮፈኑን ተጠግቶ ቆሟል።

"ዘይነባ" አልኩ፣ ጀሪካኑን እያነሣሁ፣ "ለሹፌሩም ሳህን ጨምሪ።"

"ከጠዋት ጨምሬያለሁ" አለች።