የባትሪ ዋጋ በሬዲዮ

ዛሬ ጠዋት ጨው፣ ደብተርና የሶላር ባትሪ ልገዛ እየሮጥኩ ገበያ ወረድኩ። የቤታችን ባትሪ ሞቷል፣ ልጄ ደግሞ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ደርሶባታል።

ባለሱቁ አያ ሲሳይ «ባትሪ የለም» አሉኝ። ባለፈው ቅዳሜ ግን መደርደሪያው ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

«በቅዱስ ላሊበላ ይዤዎታለሁ፣ የለም?»

እኛ አገር በላሊበላ ተይዞ የሚዋሽ ነጋዴ አላየሁም። እሳቸውም ከጨው ጆንያው ኋላ አንዱን ጎትተው አወጡ።

«አለ። ግን ሬዲዮ ሰማሁ። የውጭ አገር ሰው ሁሉ መብራት በባትሪ ማጠራቀም ይዟል፣ ዋጋው ይጨምራል ተብሏል። ለዛ ነው የደበቅሁት።»

ባትሪው ከሱቁ ወጥቶ አያውቅም፣ ዋጋው ግን ቻይና ደርሶ ተመልሷል።

«ሲቀንስስ ይነግሩኛል?»

«ሲቀንስማ ሬዲዮ አልከፍትም!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ጭማሪውን ገብስ ሲወቃ እንድሰጣቸው ተስማማን።

እናንተ አገር ያሉ ነጋዴዎችስ ከዓለም ገበያ ወሬ የቱን ነው የሚሰሙት? እስቲ ጻፉልኝ።

ባትሪው ቤት ገብቷል፣ ልጄም ማታ ታጠናበታለች። የድሮውን ዋጋ ከፍያለሁ። ጭማሪው አልተከፈለም።