ያልደረቀው ክዳን

ጎረቤቴ ታደለ አናጢ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም። በቅርቡ ለመጀመሪያ ልጁ አልጋ ሠራና ሰማያዊና ቢጫ ቀባው፤ ራስጌው ላይም ወፎች ሣለበት። እስከዚህ ድረስ ያምር ነበር። በማግስቱ ግን ቫርኒሽ ደረበበት። ወፎቹ ሟሙ፣ ሰማያዊው ከቢጫው ተላቆጠ፣ ሚስቱም ዓይኗ እስኪያብጥ አለቀሰች። ልቅሶዋን ሰምቼ ሄድኩ።

"እትዬ፣ ኧረ ይዩልኝ! ምን ሆኖ ነው?" አለኝ፣ ብሩሹን እንደያዘ።

"ምን ይሆናል! ቀለሙ ሳይደርቅ ነዋ ያለበስከው። በጣትህ አትመነው፤ የእጅህን ጀርባ አስጠጋው። ቀዝቀዝ ካለህ ገና ነው። አሽትተው፤ ቀለም ቀለም ከሸተተህም ገና ነው።"

"ይህን ደግሞ ማን አስተማረዎት? እርስዎ የሒሳብ መምህር አልነበሩ እንዴ?"

"አባቴ ነው" አልኩትና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። የቀረውን አልነገርኩትም። ቆሞ የሚነገር አይደለም፤ ቁጭ ማለት ይፈልጋል።

አሁን ቁጭ ብያለሁ።

ያደግሁት ከብልባላ ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ዜማ ያስተምራል፣ በትርፍ ጊዜው ሥዕል ይሥላል። እጁ ከቀለም ጠርቶ አያውቅም። ቅዳሴ ሲሄድ እንኳ ከጥፍሩ ሥር አረንጓዴ ወይም ቀይ ይታይ ነበር፤ እናቴ በሎሚ እየፈተገች "ካህን ነዎት ወይስ ሸማ አቅላሚ?" ትለው ነበር። እሱም እጁን ሰጥቷት እንደ ሕፃን ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ለኮን ሰው የታጨሁት በዚያ ዘመን ነው። እጮኛዬ ወጣት አስተማሪ ነበር። ዛሬ ከላሊበላ ጋሸና፣ ከጋሸና ኮን ምን አላት? ቁርስ በልቶ የተነሣ ሰው ምሳውን እዚያ ይበላል። ለእናቴ ግን ኮን የዓለም ዳርቻ ነበረች። እግሯ ያብጣል፤ ከጓዳ እስከ ደጅ ስትሄድ ሁለት ሦስት ጊዜ ግድግዳ ትደገፋለች። ጤና ጣቢያ ያያት ሰው ልቧ ነው ብሎ ለአባቴ ለብቻው ነግሮታል። አባቴ ደበቃት። እሷም ማወቋን ደበቀችው። ሁለቱም በሕይወታቸው ዋሽተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩና ውሸቱን አልቻሉበትም፤ ዓይን ለዓይን መተያየት አቆሙ።

አንድ ቀን አባቴ ለእኔ የሙሽራ ሳጥን ለመሥራት የጽድ ሳንቃ ሲለካ፣ እናቴ ከመደቧ ላይ ሆና "ክዳኑ ላይ እመቤታችንን ከነልጇ ይሣሉላት" አለችው።

"ምን ነካሽ? ሳጥን እኮ ነው። ሰው ይቀመጥበታል።"

"እመቤታችን ካለችበት ማን ደፍሮ ይቀመጣል?"

"ደግሞስ ዕቃ ይጫንበታል።"

"ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ልጄ አትጭንበትም።" ከዚያ ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገችና፣ "እኔ እንደሁ አብሬያት አልሄድ። እሷ ትሂድላት" አለች።

አባቴ መለኪያውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ። በጓሮ በኩል ብዙ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ሳንቃውን መላግ ጀመረ።

ኅዳርን ሙሉ በዚያ ሳጥን ላይ ነበር። ጎኑን በአደይ አበባ ሞላው፤ ክዳኑ ላይ እመቤታችንን በሰማያዊ መጎናጸፊያ፣ ሕፃኑን በግራ ክንዷ አቅፋ ሣላት። ዓይኖቿን ሲሥል ቤቱ ውስጥ ማውራት ክልክል ነበር። ሲጨርስ ክዳኑን ወደ እናቴ አዙሮ ያዘላት፤ ብዙ አየችውና "ዓይኗ የእኔን ልጅ ያውቃታል" አለች። እኔ እዚያው ሽንብራ እየለቀምኩ ነበር። ቀና ማለት አቃተኝ።

ቫርኒሹን ከወልድያ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አመጣለት። ትንሽ ቆርቆሮ ናት። ክዳኗን በቢላ ፈልቅቆ ወደ ብርሃን ሲያዘነብላት የጠራ ጠጅ ትመስላለች፤ ሽታዋ ግን ራስ ያዞራል። "ይህን ያልለበሰ ሥዕል ራቁቱን ነው" ይል ነበር አባቴ። "ጭስ ይበላዋል፣ ውሃ ይበላዋል፣ ከሁሉም ከሁሉም የሰው እጅ ይበላዋል።" በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አጠለለው። ስስ አድርጎ፣ በእንጨቱ አቅጣጫ፣ ብሩሹ አንዴ ባለፈበት ሳይመለስ ቀባው። ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት አሸት አድርጎ አቧራውን ጠረገና ሁለተኛውን ደረበ። ታኅሣሥ ነበር፤ አውድማው ሁሉ እህል ይበራያል፣ ገለባው በየአቅጣጫው ይበናል። ማጠፊያው ገና አልተገጠመም ነበርና ክዳኑን ለብቻው አወጣው፤ ነፋስ በማይደርስበት በደጃችን በኩል፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ግድግዳው ላይ አስደግፎ አቆመው።

ከዚያ ለገና በዓል ዝግጅት ወደ ላሊበላ ተጠራ። በቅሎው ላይ ሆኖ እናቴን "አደራ፣ ሰው በእጁ እንዳይነካው" አላት። እሷ ከክዳኑ አጠገብ ቁርበት ተነጥፎላት ፀሐይ እየሞቀች ነበር።

ያ መሪጌታ፣ ስንቱን ቅኔ የፈታ ሰው፣ አንድ ነገር ረሳ። ቤታችን ያለው የተሳላሚ መንገድ ላይ ነው! የገና ሰሞን ነጭ የለበሰ፣ መቋሚያ የያዘ፣ በሶውን በስልቻ ያንጠለጠለ ሰው ከሰሜን በኩል ቀኑን ሙሉ ይጎርፋል። ጾም በሚፈታበት ሰዓት እኛ ደጅ ደርሶ ያርፋል፤ እናቴ ከድሮም ጀምሮ ውሃና የገብስ ቆሎ ትሰጣለች። በሽታው ይህን ሊያስተዋት አልቻለም። እኔ እቀዳለሁ፣ እሷ ተቀምጣ ታድላለች።

ታዲያ ተሳላሚው ውሃውን ጠጥቶ ቀና ሲል ምን ያያል? እመቤታችንን፣ ደጅ ላይ!

"እርጥብ ነው እናቶቼ፣ በእጅ አይነካም" ትላለች እናቴ።

"ኧረ አንነካም፣ ምን በወጣን!" ይላሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ፣ ጎንበስ ይሉና በከንፈራቸው ይሳለማሉ። በግንባራቸው የሚሳለሙም ነበሩ። እናቴ ምን ታድርግ? ሰውን ከእመቤታችን ሥዕል ትከልክል? አንዲት በጣም ያረጁ እናት ተሳልመው ሲያበቁ ከንፈራቸውን እየላሱ "ምነው መረረች?" ሲሉ እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይርገፈገፍ ነበር፣ በሳቅ። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ሰው ጭር ሲል እንስራውን ይዤ ከጓሮ ስመጣ አየኋት። በክርኗ ተደግፋ ወደ ክዳኑ ተጠግታለች። ከፍ ማለት ስላልቻለች የደረሰችበት የታችኛው ጥግ ብቻ ነው፣ ከመጎናጸፊያው ጫፍ በታች፣ ቀይ ሐረግ ያለበት። እዚያ ላይ ከንፈሯን አሳርፋ ቆየች። "ልጄን አደራ፣ እመቤቴ፤ ልጄን አደራ" ስትል ሰማሁ። እንዳየኋት አላወቀችም። እንስራውን አስቀምጬ ከቤቱ ጀርባ ቆምኩ።

አባቴ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ፀሐይዋ አግድም ሆና ክዳኑ ላይ ወድቃለች፤ የሁሉም ከንፈር፣ የሁሉም አፍንጫ፣ የነጠላቸው ክር ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከበቅሎው ሳይወርድ ጮኸ፦

"ወይኔ ጉዴ! ምን አደረጋችሁት?"

"እኛ ምን አደረግን?" አለች እናቴ። "እርስዎ ራስዎ እመቤታችንን ሥለው ደጅ ላይ አቁመው፣ በገና ሰሞን! የላስታ ሰው ሳይሳለም እንዲያልፍ ፈለጉ?"

ክዳኑን አየ፣ እሷን አየ፤ ሳቋን አፍና ነበር። ከዚያ እሱም ሳቀ። በዚያ ዓመት ሁለቱ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ሲስቁ ቆዩ፤ ሳቁ ሲያልቅም ዓይናቸው አልተላቀቀም።

"ይተዉት እንዲህ ይሁን" አለች በመጨረሻ። "የስንት ደካማ ሰው በረከት ነው።"

"አይሆንም። የኮን ሰው ምን ይላል? ደግሞ አንቺ ጥርት ብሎ ማየት አለብሽ። ለአንዴ የሚሆን ቫርኒሽ ቀርቶኛል።"

በነጋታው ማለዳ ክዳኑን በር ላይ አጋደመና በብርጭቆ ወረቀቱ ቀስ እያለ ማለስለስ ጀመረ። እናቴ ከውስጥ መደቡ ላይ ተኝታለች፤ በሩ ክፍት ስለነበር ትንፋሿ ይሰማናል። አባቴ ከላይ ወደ ታች እያሸ መጣ። የታችኛው ጥግ ሲደርስ እጁን ያዝኩት።

"አባባ፣ ይህን ይተዉት። ይህ የእማዬ ነው።"

ጎንበስ ብሎ አየው። ትንሽ ነበር፤ ስስ የከንፈር መስመር፣ አንድ ጎኑ ሰንጠቅ ያለ። እናቴ በብርድ ጊዜ ከንፈሯ ይሰነጠቅ ነበር። አባቴ ቀና ብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። እሷ ወደ እኛ ዞራ፣ አንድ እጇን ከጉንጯ ሥር አድርጋ፣ እንቅልፍ ላይ ነበረች።

"እሷ እኮ አለች፣ ልጄ" አለኝ በለሆሳስ፣ ራሱን የሚያባብል ይመስል። "ይደርቃል። ሲደርቅ ደግማ ትሳለመዋለች።"

እውነት መሰለኝ። እጁን ለቀቅኩት። አለሰለሰው፣ በነጠላው ጠረገው፣ የቀረችውን ቫርኒሽ እስከ ጠብታዋ አለበሰው። በዚህ ጊዜ ከቤት አላወጣውም፤ እሷ በምታየው በኩል ግድግዳው ላይ አቆመው። ስትነቃ አይታ "አይ እጅ! ይባረክ" አለችው።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ አረፈች። አጥሚት ላሙቅላት ብዬ ጓዳ ገብቼ ስወጣ ነው። አባቴ እጇን ይዞ ተቀምጧል፤ ተኝታለች ብሎ ነው የያዘው። እኔ ነኝ የነገርኩት። ልቅሶው ሲቀልጥ ተሳላሚዎቹ ከመንገድ እየታጠፉ ገቡ፣ አብረውን አለቀሱ፣ ቀበሩልን። ለሠርጌ የተጠነሰሰው ጠላ ለእናቴ ለቅሶ ተቀዳ። ከኮን ሽማግሌዎች መጡ፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተባለ።

ከቀብር ተመልሰን ሰው ጋብ ሲል፣ አባቴ ክዳኑ ፊት ሄዶ የእጁን ጀርባ አስጠጋ። ደርቆ ነበር። አንድ እንከን የለው፣ እንደ ውሃ ጥርት ያለ።

ከፋሲካ በኋላ ያለ ከበሮ፣ ያለ እልልታ ተዳርኩ። ሳጥኑን መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት አባቴ ብርድ ልብስ ሊጠቀልልበት ጎንበስ አለ፤ ግን አልጠቀለለም። አውራ ጣቱን በዚያች ጥግ ላይ አድርጎ ወዲያና ወዲህ አመላለሰ። ወደ ብርሃን አዘነበለው፣ መልሶ አዘነበለው። ሹፌሩ ጥሩንባ ቢነፋ አልሰማም። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

"የለም" አለኝ። "በደንብ አድርጌ ነው ያለሰለስኩት።" ከዚያ የሙሽራ አባት መሆኑን፣ ካህን መሆኑን፣ ሰው ቆሞ እንደሚያየውም ረስቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ።

እሱም ካረፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሳጥኑ እዚህ ኮን፣ መኝታ ቤቴ ውስጥ ነው። ስንት ክረምት፣ ስንት ጭስ አለፈበት፤ ቀለሙ ፍንክች አላለም። ቤቴ የሚመጣ ሁሉ "ትናንት የተሣለ ነው የሚመስለው!" ይላል። ታደለም ያን ዕለት ማታ፣ የአልጋውን ነገር ሊያማክረኝ ብሎ መጥቶ፣ ክዳኑን ሲዳብስ "እንዴት ያለ ሥራ ነው! አንዲት ጭረት የለው" አለኝ። አዎ፣ አባቴ ጎበዝ ነበር አልኩት። ምን ልበለው? የእናቴ ፎቶግራፍ የለኝም። በዘመኗ አንድም አልተነሣችም። ይህን ሁሉ ማማር በዚያች በተሰነጠቀች የከንፈር ምልክት በለወጥኩት ነበር፤ ደስ እያለኝ።

አባቴን ግን አንድም ቀን ወቅሼው አላውቅም። የሚወዱት ሰው እዚያው ከበሩ ውስጥ ተኝቶ እየተነፈሰ፣ ማን የከንፈሩን ምልክት ያስቀምጣል?