አምስት አምስት ደቂቃ

ከኮን ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የባለቤቴ ወንድም መንደር ሰዎች እስካሁን አንድ ወሬ ያወራሉ። ልጁ አውሮፕላኗን በሰላም አሳረፋት፣ ልጅቷ ተቀብላ ገደል ከተተቻት ይላሉ። በዓይናቸው ያዩትን ስለሚናገሩ ውሸታሞች ብዬ ልሰድባቸው አልችልም። ግን የጣልኳት እኔ ነኝ። ሪሞቱን በጣቴ ሳልነካ ጣልኳት።

ይህን ለመናገር መጀመሪያ ስለ ውሃ መናገር አለብኝ። ከላሊበላ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ የማለማባት ጠባብ መሬት አለችኝ። ከአንድ ቦይ የምናጠጣ አሥራ አንድ ሰዎች ነን። የኔዋ መጨረሻ ላይ ናት። ድሮ የውሃ ዳኛው ለሁላችንም ሁለት ሁለት ሰዓት ያድለን ነበር። ሰዓቱ እኩል ነው፤ ውሃው ግን እኔ ጋ እስኪደርስ አፈሩ ይጠጣዋል፣ በየስንጥቁ ይፈሳል፣ ክር ሆኖ ይመጣል። የላይኛው ሰው በሁለት ሰዓት ማሳውን አጥግቦ ቁርሱን ሲበላ እኔ ሦስተኛውን መደብ ሳላዳርስ ተራዬ ያልቃል። ስድስት ዓመት ጮህኩ። «በሰዓት እኩል ብታደርጉን በውሃ እኩል አይደለንም!» አልኩ። ነገረኛ አሉኝ፣ ባሏ ሞቶ አንደበቷ ተፈታ አሉኝ። አልተውኩም። በመጨረሻ ከቦዩ ጫፍ ላለነው አንድ ሰዓት ተጨመረልን። ዛሬም ሰፈሩ ውስጥ ሁለት ሰው በተራ ከተጣላ ወደኔ ይመጣል። በዚህ እኮራ ነበር።

ሳጥኑን ያመጣው ልጄ ነው። ሆቴል ይሠራል፤ አንድ እንግዳ ሲሄድ «ለልጆቹ» ብሎ ትቶለት ነበር። ውስጡ ነጭ የፎም ክንፎች፣ ጅራት፣ ጣት የሚያህሉ ሞተሮች፣ አንድ ባትሪና አንድ ሪሞት አለ። አውሮፕላን ነው፣ ገጥመው የሚያበሩት። ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ አለው፤ እኔ ደግሞ እናቷ ኮምቦልቻ ለሥራ ስለሄደች ያሳደግኳት የሴት ልጄ ልጅ አለችኝ፤ በአንድ ዓመት ታንሰዋለች። ልጄ ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀምጦ «የሁለታችሁ ነው» አለ። እኔ ምስክር ነበርኩ።

ልጁ አንድ ቀን ነካክቶ ተወው። ልጅቷ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ሳትጥል ሳጥኑ ላይ ትቀመጥ ነበር። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ መዝገበ ቃላት ጭኗ ላይ አድርጋ ቃል በቃል ትፈታዋለች። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነኝ፤ ከዚያ አላለፍኩም። ሰው እንዲህ ሲያነብ ማየት ደስ ይለኛል። ግን ሥራው ወደ አንድ ሰው ማዘንበሉ አላማረኝም።

«ነገ ያንቺ ብቻ ሊሆን ነው?» አልኳት። «ግራውን ክንፍ አንቺ ገጣጥሚ፣ ቀኙን እሱ።»

«እምዬ፣ ሁለቱ ክንፎች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው እኮ።»

«አንድ ዓይነት እንዲሆኑ አይደል እኩል ያካፈልኳችሁ?»

ልጁ ቀኙን ክንፍ በአንድ ቀን ለጥፎ ጨረሰ። ጠማማ ነበር። እኔ አላወቅሁም፤ በኋላ ነው ከልጅቷ ደብተር መሀል የተላጠ ማጣበቂያ ወድቆ ያገኘሁት። በምላጭ ቀስ ብላ ፈትታ፣ አቅንታ፣ መልሳ ለጥፋዋለች። ለሱም ለኔም አልነገረችም። ያኔ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ተገጥማ ያለቀች ዕለት ልጅቷ ክንፎቹን ከሥር በሁለት ሌባ ጣቶቿ ይዛ ከፍ አደረገቻት። እንደ ሚዛን ነው፤ አፍንጫዋና ጅራቷ ይወዛወዛሉ። ባትሪውን አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ እየገፋች ትሞክራለች። ልክ ቀጥ ስትል እኔ «በቃ! እኩል ሆነች» አልኩ።

«አይደለም እምዬ። አፍንጫዋ ትንሽ መክበድ አለበት። ጅራቷ ከከበደ አየር ላይ ትገለበጣለች።»

«እሺ አንቺ መሐንዲስ» አልኳትና ሳቅን።

ጠንቃቃ ነበረች። መጀመሪያ ሪሞቱ ይበራል፣ ከዚያ ባትሪው ይሰካል፤ ሲዘጋ በተቃራኒው። አንድ ቀን አፍንጫዋ ላይ ያለችው ማራገቢያ ስትዞር ጎንበስ ብዬ ላይ ስል የነጠላዬን ጫፍ ይዛ ቀደደችብኝ። ልጅቷ ጮኸች፤ በሕይወቴ ጮኻብኝ አታውቅም። «እምዬ ከፊት አይቁሙ! ስትዞር አትታይም፤ ጣት ትቆርጣለች!» ተቆጣሁ፣ ግን ልክ ናት። ከዚያ ወዲህ ከኋላዋ እቆም ነበር።

ማብረር ግን እንደ መግጠም አይደለም። እኛ አገር ሰማይ ላይ የሚያጉረመርም ነገር ሲሰማ ሰው ልጁን ይዞ ቤት ይገባል፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አየር ማረፊያውም ቅርብ ስለሆነ ላሊበላ ዙሪያ አይሞከርም። የባለቤቴ ወንድም ቀበሌውን ለምኖ፣ እኔም ሁለት ቀን ቢሮ ደጅ ተቀምጬ፣ አንድ ወረቀት ተጻፈልን። አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋት እስከ አምስት ሰዓት፣ በእርሻ ሜዳ ላይ፣ የቀበሌው ሰው ባለበት። ሌላ ቀን አይፈቀድም። ልጅቷ ያንን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ይዛ ነው የሄደችው። አራት ወር የገጠመችውን የምታበርባት አንድ ጠዋት ነበረቻት።

ጥር ነው። ገብሱ ታጭዶ፣ አውድማው ተጠርጎ፣ ሜዳው ባዶ ነው። በስተምሥራቅ ገደል አለ። ማለዳ ደርሰን ነበር፤ ጭስ እንኳ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ልጅቷ ሪሞቱን ለልጁ ሰጥታ፣ አውሮፕላኗን ይዛ ሠላሳ እርምጃ ራቀችና ጅራቷና ክንፏ መታዘዛቸውን አየች። ተመልሳም «አሁን ነፋስ የለም፤ ፀሐይ ሲሞቅ ከገደሉ ይነሳል። እኔ ቀድሜ ሞክሬያት ብሰጠውስ?» አለችኝ።

«ለምን አንቺ ትቀድሚያለሽ?» አለ ልጁ። «እኔ ታላቅ ነኝ።»

«ታላቅነት እዚህ አይሠራም፤ ዕጣ ይጣላል» አልኩ እኔ።

ዕጣ ለመጣል ገለባ ተፈለገ፣ ገለባው አጠረ ረዘመ ተባለ፣ የቀበሌው ሰው ዳኛ ይሁን ተባለ፣ እሱም ሻይ እስኪጠጣ ተጠበቀ። ነፋስ የሌለበትን ሰዓት እኔ በዳኝነቴ በላሁት። ዕጣው ለልጁ ወጣ።

ከዚያ ደቂቃው መጣ። ያለን ባትሪ አንድ ነው፣ ሜዳው ላይ መብራት የለም። መመሪያው አሥር ደቂቃ ይላል። የባለቤቴን የእጅ ሰዓት አውልቄ መዳፌ ላይ አደረግሁና «አምስት አምስት ደቂቃ» አልኩ።

ልጅቷ ተጠጋችኝ። «እምዬ፣ አሥሩ ለቆላ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ይለፋል፤ ባትሪው ስምንት ቢቆይ ነው። ሁለቱ ደግሞ ለማረፊያ ይቀመጣሉ። ሦስት ሦስት ይሁን።»

«ወረቀቱ አሥር ካለ አሥር ነው። የሱን ተራ ልትቆርጪበት ነው?»

«የኔንም እኮ ነው የምቆርጠው።»

«አምስት አልኩ!»

ሰው ተሰብስቦ ነበር። በሰው ፊት ነበር የጮህኩባት። አውሮፕላኗን አነሳች።

ሮጣ ወረወረችለትና አውሮፕላኗ ወጣች። ሰው ሁሉ እልል አለ፤ የቀበሌው ሰው ሳይቀር ባርኔጣውን አነሳ። ልጁ ሜዳውን አዞራት፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ልጅቷ «አሁን አውርዳት» አለችው።

«ተራውን አትንኪበት! ሁለት ደቂቃ አለው» አልኩ እኔ።

ልጁ አምስቱን ጨርሶ፣ ለማረፍም ሌላ አንድ ጨምሮ፣ አውድማው ላይ በሆዷ አሳረፋት። ተጨበጨበለት። ልጅቷ ባትሪውን ዳሰሰችው፤ ትኩስ ነበር። ነጠላዬን የምታርገበግብ ነፋስም ጀምራ ነበር። ልጅቷ ወደኔ መጥታ በቀስታ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ እንዲህ አለችኝ፦

«የቀረው የማረፊያው ነው፤ ነፋስም አለ። ለኔ ይቅር እምዬ። ስትበር አይቻታለሁ፣ ይበቃኛል።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ! አራት ወር የለፋችበትን፣ አንዲት ጠዋቷን፣ እሷው ራሷ ትታው ነበር። እኔ ግን የታየኝ ተራው የተወሰደበት ሰው ነው። የታየችኝ እኔው ራሴ ነኝ፣ ቦዩ ጫፍ ቆሜ።

«በሕይወቴ ተራዬን ትቼ አላውቅም» አልኳት። «የኔ ልጅ ሆነሽ ትተዪያለሽ? ሪሞቱን ያዢው!»

ያዘችው። ልጁ ወረወረላት።

አንድ ጊዜ ብቻ አዞረቻት። የሱ ዙር እንደ ጋሪ መንገድ ሰፊና አንገጫጋጭ ነበር፤ የሷ ግን ክንፏን ዘንበል አድርጋ፣ እንደ ጭልፊት ሳትቸኩል ነበር። ፊቷን አየሁት፤ ያንን ፊት ከዚያ በፊት አላየሁትም፣ ከዚያ በኋላም አላየሁትም። ከዚያ ነፋሱ ወደ ገደሉ ገፋት፣ የሞተሩ ድምፅ ቀጠነ፣ ተቋረጠ። አውሮፕላኗ ያለ ድምፅ መውረድ ጀመረች። በሜዳው በኩል ሰዉና ከብቱ፣ ከአውድማው አጠገብም ሕፃናት ነበሩ። በሌላው በኩል ገደል ነው። ልጅቷ እኛን አየች፣ አውሮፕላኗን አየች፣ አውራ ጣቷን አንቀሳቀሰች። አውሮፕላኗ ጀርባዋን ሰጠችንና ወደ ገደሉ ዞረች። ስትወድቅ እንኳ ድምፅ አልተሰማም፤ ገደሉ ጥልቅ ነው።

ሰዉ «ውይ!» አለ። የባለቤቴ ወንድም ደግ ሰው ነው፤ ሊያጽናናት ፈልጎ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

«አይዞሽ፣ ምን ታደርጊ። ሴት ነሽ፣ እጅሽ ፈራ።»

አንዱ ከኋላ «ድሮስ ለሴት ይሰጣል?» አለ። ተሳቀ።

ዞሬ ሰደብኩት። አባቱን፣ አያቱን፣ ጢሙን ሰደብኩ። ነገር ግን ልክ በዚያች ደቂቃ ማለት የነበረብኝን አንድ ቃል አላልኩም። ባትሪውን ያስጨረስኩት እኔ ነኝ፣ እምቢ ስትል ያስገደድኳት እኔ ነኝ አላልኩም። ለስድብ የተፈታ አንደበቴ ለዚህ ታሰረ። ልጅቷ ሪሞቱን ዘጋች፣ ከውስጡ ትናንሾቹን ባትሪዎች አንድ በአንድ አወጣች፣ ወረቀቱን ለቀበሌው ሰው መለሰች። አላለቀሰችም።

በሚኒባሱ ስንመለስ ልጁ ከኋላ ወንበር ጎንበስ ብሎ «እምዬ፣ ሰው ላይ እንዳትወድቅ ብላ ነው ያዞረቻት። እኔም አምስቱን መጨረስ አልነበረብኝም» አለኝ። እሷ ከፊት ነበረች፤ ሰምታለች። እኔ መንገዱን አየሁ።

ለመናገር ሁለት ወር ቆየሁ። በሁለቱ ወር ውስጥ ትምህርት ቤቷ ስለ አውሮፕላኗ ሰምቶ ለተማሪ እንዲያስረዳ የጋበዘው ልጁን ነው፤ ያሳረፋት እሱ ነዋ። እሱ «ገጣጣሚዋ እሷ ናት» ብሏል፤ እሷ ግን ሂጂ ብትባልም አልሄደችም።

ከዚያ በገበያ ቀን ኮን ወጣሁ። የባለቤቴ ወንድም ግቢ ሰው እስኪሞላ ጠብቄ ቆሜ ተናገርኩ። ደቂቃውን፣ ባትሪውን፣ ገደሉን፣ ሁሉን። ሰምተው ሲጨርሱ የባለቤቴ ወንድም ፈገግ አለ።

«እትዬ፣ ለልጅ ልጅዎ ብለው ይኼን ያህል መንገድ መጡ? እሺ፣ እርስዎ ነዎት። ይቀመጡ፣ እህል ይቅመሱ።»

አንዱም አላመነኝም። ዕድሜ ልኬን እውነት ስናገር ነገረኛ ነበርኩ፤ ያን ቀን ደግሞ አዛኝ አያት ሆንኩ።

ቤት ስገባ ልጅቷ ደጃፍ ላይ ነጭ ሽንኩርት ትጎነጉን ነበር። ኮን ሄጄ የተናገርኩትን ነገርኳት። ራሷን ቀና ሳታደርግ ሰማችኝ።

«ለነሱ ነገሯቸው» አለች። «ለኔ ግን አልነገሩኝም።»

አጠገቧ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ቃሉ ከኮን መንገድ የበለጠ ራቀብኝ።

«የሰጠሁሽ ከቦዩ ጫፍ የሚደርሰውን ውሃ ነው» አልኳት። «ምን እንደሆነ እያወቅሁ፣ ከማንም በላይ እያወቅሁ ሰጠሁሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ያኔም ነግሬዎታለሁ።»

የጎነጎነችውን ጭኗ ላይ አስተካክላ ሌላ ጀመረች። እኔም እጄን ዘርግቼ ከክምሩ አንድ ነጭ ሽንኩርት ላቀብላት ስል እሷ ራሷ ሌላ አነሳች።